መዝገብ የገባው ናፕኪን

ወይዘሮ ዴልፊን ላቫሌ ለልጅ ልጃቸው ምሳ መቋጠር የጀመሩት ኮሪን የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። አሁን ኮሪን ሃያ ዘጠኝ ሞልቷታል፤ ሒሳብ ተምራ ተመርቃለች፤ የራሷን መኪና ትነዳለች፤ ምሳው ግን አልቀረም። በየማለዳው አሮጊቷ ዳቦውን ይቆርጣሉ፣ አይቡንና የፖም ቁራጩን ይደርባሉ፣ በኮምጣጤ የተቀመጠውን ኪያር በላስቲክ ይጠቀልላሉ። ሁሉንም በወረቀት ከረጢት ከተው ከላይ ናፕኪን ያደርጋሉ፤ ናፕኪኑ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጽፋሉ። «መንገዱ በረዶ ነው፤ ቀስ ብለሽ ንጂ።» «ያ ሳል ለቀቀሽ?» «ትናንት ግማሹን መልሰሽ አምጥተሻል። አይቼዋለሁ።»

ኮሪን አታነብም ብለው እንዳይጠረጥሩ፣ ማታ ስትመጣ መልሱን ትነግራቸዋለች። «ሳሉ ለቆኛል፣ ሜሜ።» ሜሜ ነው የምትላቸው፤ በዚያ በአሜሪካ በቨርሞንት ተራራ ሥር፣ አያቶቻቸው ከካናዳዋ ኩቤክ ወርደው የሰፈሩ ሰዎች አያታቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነው።

የኮሪን ሥራ የጤና መድን ዋጋ በሚመረምረው የግዛቱ ቢሮ ውስጥ ነው። በየግንቦቱ የመድን ኩባንያዎች «ለመጪው ዓመት ዋጋ ልንጨምር ነውና ፍቀዱልን» ብለው ጡብ የሚያክል ሰነድ ያስገባሉ። እሷና ባልደረቦቿ ገጽ በገጽ እየገለጡ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ያኛውስ ለምን ወፈረ?» ሲሉ ይከርማሉ። ሐምሌ ላይ ሕዝብ በተሰበሰበበት ክርክር ይሰማል፤ ነሐሴ ላይ ሦስት ሰዎች ያሉበት ቦርድ ይወስናል።

ከግንቦት እስከ ነሐሴ ኮሪን ስለዚያ ሰነድ ከቢሮ ውጭ ትንፍሽ አትልም። ማንም እንዲነግራትም አትፈቅድም። ፋይሉ ክፍት እስከሆነ ድረስ በጓዳ የሚባል ነገር የለም፤ የሚባል ካለ ሁሉም በሚሰማበት ይባላል። ዴልፊን ይህንን ያከብራሉ። ሬዲዮው ስለ መድን ዋጋ ሲጀምር እጃቸውን በፎጣ ሳይጠርጉ ሮጠው ይዘጉታል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ከሦስት ዓመት በፊት፣ አልችል ብሏቸው «ዘንድሮ የጠየቁት ትልቅ ነው ትንሽ?» ብለው ነበር። ኮሪንም «ሜሜ፣ እስቲ ቅቤውን አቀብዪኝ» አለቻቸው። አቀበሉ፤ ነገሩም እዚያው አበቃ።

ዘንድሮ ግን ልባቸው አላርፍ አለ። ኮሪን አራት ዓመት ሙሉ ከአለቆቿ ኋላ ተቀምጣ ወረቀት ስታቀብል ኖራ፣ በዚህ ሐምሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ጠረጴዛ ተቀምጣ የምርመራውን ውጤት ራሷ ልታቀርብ ነው። ዴልፊን ሰማያዊ ኮቷን ሁለት ጊዜ ተኮሱት። ቁልፉ እንዳይላላ አጠበቁት። ከዚያ በጣም የጠበቀ መሰላቸውና መልሰው አላሉት።

ነገር የተበላሸው በሰኔ፣ በማገዶው ክምር አጠገብ ነው።

ሀርላን ቤይስ የጎረቤት ሰው ነው፤ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በክረምት ማብቂያ ከሜፕል ዛፎቹ የሚቀዳውን ፈሳሽ አፍልቶ ጣፋጭ ሽሮፕ እያወጣ ይሸጣል። ደረቱ ውስጥ የልብ ምት የምታስተካክል ትንሽ መሣሪያ ተቀብራለች። የዴልፊን ባል ከሞቱ ወዲህ በየሰኔው መጥቶ የክረምቱን ማገዶ ይደረድርላቸዋል፤ ክፍያ ቢሉት ይቆጣል፤ የአተር ሾርባ ግን አይመልስም። የዚያን ቀን አራት ግንድ ያህል አንስቶ አምስተኛው ላይ ቁጭ አለ።

«ምነው ሀርላን፣ ፊትህ አመድ መሰለ?»

«የእንጨቱ ብናኝ ነው፣ እማማ።»

«ብናኝ ከንፈር አያጠቁርም። ተቀመጥ። ተቀምጠሃል ለካ። እንግዲያው እንዳትነሳ።»

ሳቀ። ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አራገበ። «ኩባንያው ከመቶ አሥራ ስምንት ልጨምር ማለቱን ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም። እኔ ቤት አይወራም።»

«እንግዲያው እኔ በእርስዎ ማገዶ ላይ ቁጭ ብዬ ላውራልዎ፣ ማገዶው ከቤት ውጭ ነው። ከተፈቀደላቸው መድኑን እተወዋለሁ። ስልሳ አምስት ሲሞላኝ የመንግሥት የሽማግሌዎች መድን ይቀበለኛል። ሦስት ዓመት አይደል? ትንፋሼን ይዤ እቆያለሁ።»

«አምስት ግንድ ያቃተው ሰው ሦስት ዓመት ትንፋሽ ሊይዝ ነው? አፍህን በሳሙና ባጥበው ደስ ባለኝ።»

«ደግሞ ምን እንዳሉ ያውቃሉ? በጋዜጣ ነው ያነበብኩት። ሕዝቡ ሐኪም ዘንድ መመላለስ አብዝቷል፣ ለመጪውም ያበዛል፣ ስለዚህ ዋጋው ይውጣ ነው የሚሉት። ማነው ያበዛው? ሐሙስ ሐሙስ ወደ ከተማችን ይመጣ የነበረው የልብ ሐኪም ከጥር ወዲህ ብቅ አላለም፤ ክሊኒኩም የሐሙሱን በር ዘጋ። እኔን የቀጠሩኝ ለጥቅምት ነው፣ ያውም ሁለት ሰዓት ተነድቶ። ላብዛባቸው ብል እንኳ የማበዛበት የለኝም!»

ዴልፊን ሾርባውን አበሉት፣ ሁለተኛ ሳህን ጨመሩለት፣ የቀረውን ማገዶ እንዳይነካ አስምለው ሸኙት። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ የሚባል አልዞረባቸውም። ማለዳ ዳቦውን እየቆረጡም የሚታያቸው ያ የጠቆረ ከንፈር ብቻ ነው። ኮሪን ፎቅ ላይ ፀጉሯን ታበጥራለች። ብነግራት አልችልም፣ አሉ በሆዳቸው። ስለ ፋይሉ አይወራም። ደግሞ እኮ ይህ ስለ ፋይሉ አይደለም፤ ስለ ሀርላን ነው። ደግሞ እኮ መጻፍ ማውራት አይደለም። እስክሪብቶውን አነሡ። አንዱ ናፕኪን አልበቃ አላቸው፤ ሁለተኛ ጨመሩ፤ ከሦስተኛው ግማሹን ሞሉ።

ኮሪን በዚያ ቀን በዘጠኝ ሰዓት ቤት ደረሰች። በሥራ ቀን በዘጠኝ ሰዓት መጥታ አታውቅም። ዴልፊን መኪናውን በመስኮት ሲያዩ ወደ በሩ ሮጡ።

«ታመምሽ? ትኩሳት ነው? ነይ ግንባርሽን ልንካ።»

«አላመመኝም፣ ሜሜ። ቁጭ በይ።»

«ቁጭ በይ ስባል የሚነገረኝን አላውቀውም እንዴ! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።» ኮሪን ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች። «ናፕኪኑን አነበብኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ አቁሜ ወደ ቢሮው የሕግ ባለሙያ ይዤው ሄድኩ። ክፍት ስለሆነ ፋይል ለእኛ በጓዳ የተነገረ ነገር ሁሉ፣ ማንም ይናገረው ማን፣ መዝገብ መግባት አለበት። ማኅተም ተመታበት። ፎቶ ተነሥቶ ሕዝብ በሚያየው ገጽ ላይ ወጣ።»

«ናፕኪኑ?»

«ሦስቱም።»

«የኪያሩ ውሃ ነክቶት ነበር እኮ!»

«እድፉም ወጥቷል።»

ዴልፊን በሁለት እጃቸው ጉንጫቸውን ያዙ። «ስለ ካልሲሽ ጽፌበት ነበር። ስለ ቁርጠትሽም።»

«አውቃለሁ። እሱንም መላው ግዛት ሊያነበው ይችላል።» ኮሪን ልትስቅ ፈለገችና ተወችው። «የሚያሳስበኝ እሱ አይደለም። የኩባንያው ጠበቆች ያዩታል። ካዩት ደግሞ... ከዚህ በላይ መናገር አልችልም።»

ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልወጣትም። ስለ ቲማቲሙ ታወራለች፣ ስለ ጎረቤት ውሻ ታወራለች፣ ትስማቸዋለች፣ ትተኛለች። ዴልፊን ግን በየማለዳው ናፕኪኑን ባዶውን አጥፈው ይከታሉ፤ እስክሪብቶዋን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውባታል።

የቀረውን ወሬ ያመጣላቸው ሀርላን ነው። ቤተ መጻሕፍት ሄዶ በኮምፒውተር አንብቦ መጣ። ገና ከበሩ ሳይገባ «እማማ ዴልፊን! የኔን ልብ ለመላው ቨርሞንት ነገሩት!» እያለ ጮኸ። «ፖስታ ቤት ሄጄ ማኅተም የምትመታው ልጅ እንኳ ከንፈርህ እንዴት ነው አለችኝ!»

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ። ደንግጬ ነው።»

«ግድ የለም፣ ደህና አድርገው ጽፈውታል። እኔን ‹ግትር ግን ንጹሕ› ብለውኛል፤ እናቴም ከዚህ የተሻለ አላለችኝ።» ከዚያ ድምፁን ቀነስ አደረገ። «የጠበቃው ደብዳቤም እዚያው ወጥቷል። ኮሪን ከቤተሰቧ በጓዳ ስለተነገራት ከፊት ጠረጴዛ ትነሣ፣ ምርመራዋም ይጣል ይላል። ውሳኔው ሐምሌ ጉባኤው ሲከፈት ይነገራል ተብሏል።»

ዴልፊን ወንበር ስበው ተቀመጡ። አራት ዓመት ወረቀት ያቀበለች ልጅ። የተተኮሰው ኮት። በገዛ እጃቸው፣ በገዛ ናፕኪናቸው።

የጉባኤው ቀን ኮሪን ከመጨነቋ የተነሣ ምሳዋን ጠረጴዛ ላይ ረስታ ወጣች። ይህ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ሆኖ አያውቅም። ዴልፊን የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው፣ የምሳውን ከረጢት አቅፈው፣ በሀርላን አሮጌ ፒክአፕ ወደ ዋናው ከተማ ወረዱ። መንገዱን ሙሉ «ቀስ! ቀስ!» ሲሉ ሀርላን «ከዚህ ቀስ ካልኩ ወደ ኋላ ነው የምሄደው» ይላቸዋል።

አዳራሹ ይሞቃል። ሁለት ማራገቢያ ይዞራል እንጂ ነፋስ የለም። ከፊት ሦስቱ የቦርድ አባላት፣ በቀኝ የኩባንያው ሰዎች፣ በግራ ኮሪን። ሰማያዊው ኮት ትከሻዋ ላይ ልክ ብሏል። ዴልፊንን ስታይ ቅንድቧ ብቻ ከፍ አለ፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ ወረቀቷ መለሰች።

የቦርዱ ሊቀ መንበር ወይዘሮ ፕሪሲላ ቶው ነበሩ፤ ቀጭን፣ መነጽራቸው በገመድ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ። ጠበቃው ተነሥቶ ጥያቄውን አሰማ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ ጨዋ ነው፣ ጫማው ግን ፊት ያሳያል። «ክቡራን፣ በግል ቂም አይደለም። መርማሪዋ ከአያቷ ጋር ትኖራለች። አያቷ ስለ ጉዳዩ ጽፈውላታል። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ በማዕድ ዙሪያ ምን እንደተባለ በምን እናውቃለን?»

«ተገቢ ጥያቄ ነው» አሉ ወይዘሮ ቶው። «በሥርዓታችን መሠረት ለሠራተኛ በጓዳ የደረሰ ጽሑፍ በጉባኤ ፊት ሙሉውን መነበብ አለበት።» መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡ፦

«‹ኮሪን፣ ስለ ፋይሉ እንደማልናገር ታውቂያለሽ፤ አሁንም አልናገርም። ይህ ስለ ሀርላን ነው። ትናንት ከንፈሩ ጠቁሮ አየሁት። መድኑን ሊተው ነው። ግትር ግን ንጹሕ ሰው ነው፤ ታውቂዋለሽ፣ ብስክሌት ያስተማረሽ እሱ ነው። ሕዝቡ ሐኪም ዘንድ ያበዛል ይላሉ አሉ። እኔ ትምህርቴ ትንሽ ነው፣ ግን አንድ ነገር አልገባኝም፦ የሐሙሱ ሐኪም ከጥር ጀምሮ ካልመጣ ሰው የት ሄዶ ነው የሚያበዛው? ይህን አንቺን አልጠይቅሽም፤ ዝም ብዬ ለራሴ ነው የምጽፈው። ወፍራሙን ካልሲ አድርጊ፣ ያ ቢሮ ቀዝቃዛ ነው፤ ቁርጠትሽ የሚነሣው ከእግርሽ ነው። ኪያሩን ጨርሺው። ሜሜ።›»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ኮሪን ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ወይዘሮ ቶው ግን አልሳቁም፤ ናፕኪኑን በጥንቃቄ አስቀመጡና «ጸሐፊዋ እዚህ አሉ?» ብለው ጠየቁ።

ዴልፊን ተነሡ። ቀኝ እጅዎን አንሥተው ይማሉ ሲባሉ ከረጢቱን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩ፤ ለማንም አላስያዙም።

«ወይዘሮ ላቫሌ፣ የልጅ ልጅዎ ስለዚህ ጉዳይ ምንም ነግራዎት ታውቃለች?»

«እሷ? እሷማ እሬሳ ናት። ይቅርታ፣ እሬሳ ማለቴ አይደለም፣ እግዜር ይጠብቃት። ሬዲዮ እንኳ ይዘጋል በኛ ቤት። ከሦስት ዓመት በፊት አንዴ ብጠይቃት ቅቤ አቀብዪኝ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቅቤውን ራሴ አስቀድሜ አቀብላታለሁ።»

«ናፕኪኑን ካነበበች በኋላስ?»

«ቁጭ በይ ብላ፣ መዝገብ ገባ አለችኝ። ከዚያ ስለ ቲማቲም ብቻ ነው የምናወራው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ክብርት ሆይ። ማውራት ነው የተከለከለው፣ መጻፍ ምንም አይደል ብዬ ራሴን አታለልኩ። እሷ ምሳዋን እንኳ ሳትጨርስ ነው ይዛላችሁ የመጣችው። እሷን የምታስነሷት ከሆነ እኔ ምሳ መቋጠሬን አቆማለሁ። እምላለሁ፣ ምያለሁም።»

ከኋላ ሀርላን «ኧረ እሱስ ይቅር!» ሲል ተሰማ።

ሦስቱ አባላት ጭንቅላታቸውን አጋጥመው ተንሾካሾኩ። ዴልፊን ከረጢቱን ሲጨብጡ ወረቀቱ ይንኮሻኮሻል። ወይዘሮ ቶው ቀና አሉ።

«ሕጉ በጓዳ የተባለውን ወደ አደባባይ አውጡ ይላል። መርማሪዋ በአንድ ሰዓት ውስጥ አውጥታዋለች። ሕጉ እንደተጻፈ የሚያደርግ ሰው ከጠረጴዛ አይነሣም። ወይዘሪት ላቫሌ ይቀጥሉ። የናፕኪኑ ጥያቄም ከአሁን ወዲያ የሁላችንም መዝገብ ነው፤ የፈለገ ይጠይቀው።»

ዴልፊን ተቀመጡ፤ ተቀመጡ ከማለት ወደቁ ማለት ይቀላል። ሀርላን ክንዳቸውን ያዛቸው። «ከንፈርዎ ጠቁሯል» አላቸው በጆሯቸው። በክርናቸው ጎሸሙት።

ኮሪን ወረቀቷን አስተካክላ ጀመረች። የመድኃኒት ዋጋ መናሩን ተናገረች፤ ኩባንያው እውነቱን ነው፣ እዚያ ላይ የጠየቀው ይገባዋል አለች። ዴልፊን ይህን ሲሰሙ ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። ከዚያ ኮሪን ወደ ኩባንያው የሒሳብ ባለሙያ ዞረች፤ ራሰ በራ፣ የደከመው ሰው ነው።

«ሕዝቡ ሐኪም ዘንድ የሚሄድበት ብዛት ያድጋል ብላችሁ ስትገምቱ የየትኛውን ጊዜ ቁጥር ይዛችሁ ነው?»

«ያለፉትን ሁለት ዓመታት።»

«በዚያን ጊዜ የየከተማው ክሊኒኮች በሙሉ ሳምንት ክፍት ነበሩ?»

«ነበሩ።»

«ከጥር ወዲህ ያሉትን ወራትስ ጨምራችኋል?»

ሰውየው ገጽ ገለጠ፣ ሌላ ገጽ ገለጠ። «አልጨመርንም። ሰነዱን ስናዘጋጅ አልደረሱልንም ነበር።»

«አሁን ደርሰዋል?»

ሰውየው ጠበቃውን አላየም። «ደርሰዋል» አለ።

«ለቦርዱ ይቅረቡ» አለች ኮሪን።

ለምሳ ሲበተኑ ኮሪን ኮሪደሩ ላይ አገኘቻቸው። አያቷን ከነከረጢታቸው አቀፈቻቸው። ከዚያ ከረጢቱን ከፍታ ናፕኪኑን አወጣች፤ ባዶ ነው። ገልብጣ አየችው፤ በዚያም ባዶ ነው።

«ምንም አልጻፍሽም?»

«ፋይሉ ክፍት ነው» አሉ ዴልፊን፣ ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው። «ኪያሩን ግን... ታውቂዋለሽ።»

በነሐሴ ውሳኔው ወጣ፤ ከጥር ወዲህ ያለው ቁጥር ሲታይ ሕዝቡ ሐኪም ዘንድ መሄድ አላበዛም ነበር። ኩባንያው አሥራ ስምንት ጠይቆ ከመቶ አሥራ አንድ ተፈቀደለት። ኮሪን በእራት ሰዓት ከገባች ጀምሮ አፏ አልተዘጋም፤ የአራት ወር ዝምታ ነበርና። ዴልፊን ግን አኩርፈው ነበር።

«አሥራ አንዱንስ ምን ብለሽ ሰጠሻቸው? የመድኃኒቱን ለምን ለቀቅሽላቸው?»

«እውነት ስለሆነ፣ ሜሜ። ያስወጣቸዋል። ብንከለክላቸውና ኩባንያው ቢወድቅ፣ ጥቅምት ላይ የሀርላንን ሐኪም ማን ይከፍለዋል?»

ዴልፊን አሰቡበት። ቅቤውን አቀበሏት።

ሀርላን በማግስቱ የቀረውን ማገዶ ሊደረድር መጣ። «አሥራ አንድም ይነክሳል» አለ። «አሮጌውን የሽሮፕ ማፍያ ልሸጠው ነው። ለአንድ ዓመት ግን መድኑ ውስጥ ልቆይ። ከዚያ እንደገና ከነሱ ጋር እንነታረካለን።»

«ካቋረጥህ ማገዶዬን ራሴ ነው የምደረድረው። በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በበረዶ ላይ፣ ያለ ጓንት።»

«ይህ ማስፈራሪያ ነው፣ እማማ።»

«አዎ ነው።»

ኮሪን ለሥራ ልትወጣ በሩ ላይ ቆማ ትሰማቸዋለች። ዴልፊን መሳቢያውን ከፈቱ፣ እስክሪብቶዋን አወጡ፣ «ዛሬ ይጻፋል?» ብለው ጠየቁ።

«ዛሬ የተከፈተ ፋይል የለም። እንዳሻሽ ጻፊ።»

ቆመው ጻፉ፤ ተቀምጠው ጻፉ፤ ናፕኪን ጨመሩ። ኮሪን ቢሮ ደርሳ በምሳ ሰዓት ስትገልጠው ከካልሲውና ከመንገዱ ጭቃ በታች እንዲህ ይል ነበር፦ «የኔን ናፕኪኖች የት ነው የምታስቀምጧቸው? የኪያር ውሃ ነክቷቸዋል፤ አይጥ ደግሞ ጨው ይወዳል። በቆርቆሮ ሣጥን አድርጓቸው በያቸው። በጓዳ እንዳይሆን ለሁሉም ፊት ንገሪያቸው።»

ኮሪንም ምሳዋን ጨርሳ፣ ኪያሩንም ጨርሳ፣ ወደ መዝገብ ቤት ወረደች።